«ሚን» ደቂቃ ነው ወይስ ትንሹ ቁጥር?

ኮምፒዩተር ላይ አምስት ደቂቃን አሳጥሮ ለመጻፍ 5 ብሎ በላቲን ፊደል «ሚን» ማስከተል የተለመደ ነው። ይሁንና ይኸው ስም በሒሳብ ሌላ ሥራ አለው፤ ከተሰጡት ቁጥሮች ትንሹን የሚመርጥ ፈንክሽን ነው። «ሴክ»ም ሰከንድ ብቻ አይደለም፤ በትሪጎኖሜትሪ ሴካንት ነው። ይባስ ብሎ የኢንች ምልክት «ኢን» ስለሆነ፣ የሚሊ ምልክት የሆነው «ኤም» ፊቱ ሲቀጠል ያው «ሚን» ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ሙግት የሚዳኘው ፓርሰር የሚባለው የፕሮግራም ክፍል ነው። የተጻፈውን መስመር ቁጥሩን፣ ምልክቱንና ስሙን ለይቶ ያነብና የቱ ከየቱ ቀድሞ እንደሚሰላ ይወስናል። በታተመ የፊዚክስ መጽሐፍ ሙግቱ ብዙም አይነሳም፤ በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ደንብ የመለኪያ ምልክት በቀጥ ያለ ፊደል፣ ተለዋዋጭ ደግሞ በዘመም ፊደል ይታተማል። ከኪቦርድ የሚገባው ጽሑፍ ግን ሁሉም አንድ መልክ ነው። ስለዚህ ፓርሰሩ የቅድሚያ ተራ ማበጀት ግድ ይለዋል።

ሆላንዳዊው ዮስ ደ ዮንግ በ2013 እ.ኤ.አ. የጀመረው ማዝ ጄኤስ የተባለ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ተራውን እንዲህ አበጅቷል፦ ስም ሲያገኝ መጀመሪያ ተጠቃሚው ራሱ የሰየመው ተለዋዋጭ እንደሆነ ያያል፤ ካልሆነ ፈንክሽን፣ በመጨረሻ መለኪያ። በዚህ ተራ «5 ሚን» ደቂቃ ሳይሆን ቁጥርን በፈንክሽን የማባዛት ሙከራ ይሆንና ስህተት ነው ይላል። መውጫው «ሚንስ» እና «ሴክስ» ብሎ በብዙ ቁጥር መጻፍ ነው። «ኢን» ደግሞ መለኪያ መቀየሪያ ትእዛዝም ስለሆነ የተለየ ደንብ ወጥቶለታል፤ ከኋላው ምንም ካልተከተለ ኢንች ተብሎ ይነበባል።

እኔን የሚያሳስበኝ ስህተት ነው የሚለው መልስ አይደለም፤ እሱ ቢያንስ ተጠቃሚውን ያስቆመዋል። አሳሳቢው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። አንድ ሰው ከላይ «ኤም» የሚባል ተለዋዋጭ 3 ነው ብሎ ከሰየመ በኋላ ከታች አምስት ሜትር ለማለት «5 ኤም» ቢጽፍ፣ 15 የሚል መልስ ያገኛል። ሜትሩ ጠፍቷል፤ ማስጠንቀቂያም የለም። ረጅም ስሌት ውስጥ ይህን ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው።

ስለዚህ ለመለኪያ የራሱን አጥር የሚሰጡትን እመርጣለሁ። ኤፍ ሻርፕ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መለኪያውን ከቁጥሩ ቀጥሎ በሾጣጣ ቅንፍ ያስገባል። በሕክምና መረጃ ልውውጥ የሚሠራበት ዩከም የተባለ የመለኪያ ኮድም ኢንችንና ጫማን የመሳሰሉትን በአራት ማዕዘን ቅንፍ ይዘጋቸዋል። ለሚጽፈው ሰው ሁለት ምልክት መጨመሩ አይካድም፤ ፓርሰሩ ግን ቅንፉን ሲያይ የሚገምተው ነገር አይኖረውም።