ያውቁ ኖሯል? ሽጉጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ታክሱን ማን ይከፍላል?

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ያገለገለ መኪና ከግለሰብ የገዛ ሰው ታክሱን የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤቱ (ዲኤምቪ) መስኮት ላይ ይከፍላል። ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ ትወስዳለች፤ ሻጩ ነጋዴ ይሁን ጎረቤት አይገዳትም። ያገለገለ ሽጉጥ ላይ ግን እንዲህ ያለ መስኮት እንደሌለ ያውቁ ኖሯል? በብዙ ግዛቶች አልፎ አልፎ የራሱን ንብረት የሚሸጥ ግለሰብ እንደ ነጋዴ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የሽያጭ ታክስ አይመለከተውም። ሕጉ ሽያጩ የግድ ፈቃድ ባለው መሣሪያ ነጋዴ በኩል ይለፍ ቢል እንኳ፣ ነጋዴው አስተላላፊ እንጂ ሻጭ አይሆንም። ስለዚህ ገዢው ሱቁ ውስጥ የሚከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የፌዴራሉ ሕግ በአንድ ግዛት የሚኖሩ ሁለት ግለሰቦችን በነጋዴ በኩል እለፉ ብሎ አያስገድድም። ያንን የሚያስገድዱት ግዛቶቹ ናቸው፤ ለሁሉም ወይም ለአንዳንድ መሣሪያ ግዴታውን የጣሉት ወደ ሃያ ይጠጋሉ። ሻጭና ገዢ የተለያየ ግዛት ነዋሪ ከሆኑ ግን ማምለጫ የለም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ላለ ጓደኛው ሽጉጡን መሸጥ ቢፈልግ፣ ቅዳሜ ቡና እየጠጡ ሊያስረክበው አይችልም። ሽጉጡ ወደ ገዢው ግዛት ነጋዴ ሄዶ፣ የፌዴራሉ ቅጽ ተሞልቶ፣ የገዢው ያለፈ ታሪክ ተጣርቶ ነው የሚሰጠው።

ኤፍቢአይ ለዚህ ማጣሪያ ሳንቲም እንደማያስከፍልስ ያውቁ ኖሯል? ከኅዳር 30 ቀን 1998 ጀምሮ የሚሠራው ብሔራዊ የማጣሪያ ሥርዓት ማዕከሉ ዌስት ቨርጂኒያ ነው፤ ጥያቄው የሚላክለት በስልክ ወይም በኮምፒውተር ነው። ገንዘብ የሚጠይቁት ማጣሪያውን በራሳቸው ፖሊስ የሚያካሂዱት ግዛቶች ናቸው። ኒው ዮርክ ከ2023 ወዲህ ለአንድ ማጣሪያ 9 ዶላር፣ ዋሽንግተን ግዛት ከ2024 ወዲህ 18 ዶላር ይቀበላሉ።

ፔንስልቬኒያ በዚህ ረገድ የምትገርም ናት። የማጣሪያው 2 ዶላር ነው። ከዚያ ሌላ 3 ዶላር አለ፤ እሱ ግን የሚከፈለው ሽያጩ የሽያጭ ታክስ የሚመለከተው ከሆነ ብቻ ነው። ታክስ የሌለበት የግለሰቦች ዝውውር ከ3 ዶላሩም ነፃ ነው ማለት ነው። ለሦስት ዶላር ይህን ያህል መጠንቀቅ!

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ እንሂድ፤ ሒሳቡ የሚጣፍጠው እዚያ ነው። ከ1991 ጀምሮ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭ በነጋዴ በኩል እንዲያልፍ ታዟል። ገዢው ለግዛቱ 37 ዶላር ከ19 ሳንቲም ይከፍላል፤ ነጋዴው ደግሞ ለአንድ መሣሪያ ከ10 ዶላር በላይ እንዳይጠይቅ ሕግ ገድቦታል። ሽጉጥ የሚሸጥ ነጋዴ «አላስተናግድም» ማለትም አይፈቀድለትም። ወረቀቱን ሞልቶ፣ መሣሪያውን ቆልፎ አሥር ቀን አስቀምጦ፣ መልሶ አስረክቦ ዋጋው አሥር ዶላር ነው። የሱቅ ኪራይ የሚከፍል ሰው ሲያጉረመርም ቢሰማ አይፈረድበትም።

ታዲያ ያው ሻጭ ገዢ ማፈላለጉ ሰልችቶት ሽጉጡን ነጋዴው ዘንድ በአደራ አስቀምጦ «ሽጥልኝ» ቢለውስ? ያን ጊዜ ሻጩ ነጋዴው ራሱ ይሆናል። በ800 ዶላር ሽጉጥ ላይ የግዛቱ ዝቅተኛ የሽያጭ ታክስ 7.25 በመቶ 58 ዶላር ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ካሊፎርኒያ በነጋዴዎች ላይ የጣለችው 11 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ደግሞ 88 ዶላር ይጨምራል። ሽጉጡ ያው፣ ሱቁ ያው፣ ቅጹም ያው፤ ልዩነቱ ቢያንስ 146 ዶላር። በግዛቱ ታክስ ላይ የከተማ ታክስ በሚጨመርባቸው ቦታዎች ደግሞ ከዚህም ያልፋል።

ኮሎራዶም በ2013 የግለሰቦችን ሽያጭ በነጋዴ በኩል ስታደርግ የነጋዴው ክፍያ ጣሪያ 10 ዶላር ነበር። በ2024 ሕዝቧ ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው 6.5 በመቶ ኤክሳይዝም ነጋዴውን እንጂ ግለሰቡን አይነካም።

የሲያትል አንባቢዎቻችን ይህቺን ልብ ይበሉ። ዋሽንግተን ግዛት የግለሰቦችን ዝውውር በነጋዴ በኩል ያደረገችው በ2014 በሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ወደ 59 በመቶ ድምፅ ደግፎታል። መራጩ ማጣሪያውን ሲያጸድቅ የታክስ ነፃነቱንም አብሮ አጸደቀ፦ ሁለት ግለሰቦች ደንቡን አሟልተው መሣሪያ ካስተላለፉ ግዛቱ ታክስ አይጠይቅም፣ ነጋዴውም ሰብሳቢ አይሆንም። ለወንድም፣ ለአጎት፣ ለአክስት፣ ለአጎት ልጅ ጭምር በስጦታ መስጠት ከማጣሪያውም ነፃ ነው። በስጦታ ነው የተባለው እንጂ በሽያጭ አይደለም፤ የአጎትዎ ልጅ መቶ ዶላር ከሰጠዎት ወደ ሱቅ መሄድ ግድ ነው።

ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ለብዙ ዓመታት ሽጉጥ የሚያስተላልፍ አንድ ነጋዴ ብቻ እንደነበራትስ ያውቁ ኖሯል? በሱቁ መደርደሪያ የሚሸጥ ሽጉጥ አልነበረውም፤ ከሌላ ግዛት የሚመጣውን ተቀብሎ ማስተላለፍ ብቻ ነበር ሥራው። ዋጋው ለአንድ ሽጉጥ 125 ዶላር። በ2011 የቢሮው የኪራይ ውል ሲያልቅበት ከተማዋ በፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ክፍል ሰጠችው። የዲሲ ባልና ሚስት ቴክሳስ ሄደው ሽጉጥ ቢመርጡም ይዘው መውጣት ስላልቻሉ ፍርድ ቤት ሲከሱ፣ ይቺው 125 ዶላር በክርክሩ ተነሥታለች። በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፈረደባቸው። ነጋዴው በ2020 ሥራ ሲያቆም ፖሊስ ራሱ የነጋዴ ፈቃድ አውጥቶ ማስተላለፉን ተረከበ።

የነጋዴ ፈቃድ ራሱ ውድ አይደለም፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ዶላር፣ እድሳቱ 90።

የማጣሪያው መልስ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ካልመጣ የፌዴራሉ ሕግ ነጋዴው ማስረከብ ይችላል ይላል፤ የግድ አስረክብ ግን አይልም። ገዢው ማጣሪያውን ቢወድቅስ? ሻጩ ሽጉጡን ሱቁ ውስጥ ትቶ ሄዶ ነጋዴው መዝገቡ ላይ ካሰፈረው፣ ባለቤቱ የገዛ ሽጉጡን ለመውሰድ ራሱ ቅጽ ሞልቶ ይጣራል። ስለዚህ መልሱ እስኪመጣ ከባንኮኒው አለመራቅ ያዋጣል፤ ከእጁ ያላስረከበ ሰው ሽጉጡን እንደያዘ መውጣት ይችላል።

ክፍያውን ሁሉ ከፍሎ፣ ማጣሪያውን ሁሉ አልፎ ወንጀለኛ መሆን ይቻላል? ይቻላል። በቨርጂኒያ የሚኖር የቀድሞ ፖሊስ ቅናሽ አገኛለሁ ብሎ ፔንስልቬኒያ ላለ አጎቱ ሽጉጥ ሊገዛለት ተስማማ። አጎቱ 400 ዶላር ቼክ ላከለት፤ የቼኩ ማስታወሻ ላይም የሽጉጡ ዓይነት ተጽፏል። እሱም ቅጹ ላይ «ትክክለኛው ገዢ እኔ ነኝ» ብሎ ፈረመ። ከዚያ ፔንስልቬኒያ ወስዶ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል አስተላለፈው፤ አጎቱም ተጣርቶ አለፈ። ሁለቱም መሣሪያ እንዳይዙ ሕግ አይከለክላቸውም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2014 በ5 ለ4 ድምፅ ጥፋተኝነቱን አጸናው፦ ገንዘቡ የአጎት ከሆነ ገዢው አጎት ነው። በራስ ገንዘብ ገዝቶ በስጦታ መስጠት ግን በዚህ ቅጽ ረገድ ውሸት አይሆንም።

ዜጋ ያልሆነ ሰውስ? ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ የአደን ፈቃድን ከመሰሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ አይችልም።

ወደ ታክሱ ስንመለስ፣ ድሮ ብልጦቹ ከሌላ ግዛት ሱቅ በኢንተርኔት ገዝተው የሽያጭ ታክስ ያመልጡ ነበር። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግዛቶች ሩቅ ያለውን ሻጭም ታክስ ማሰብሰብ ይችላሉ ካለ ወዲህ ያ በር ጠብቧል። ሚሲሲፒ በበኩሏ በነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ላይ መሣሪያን ከሽያጭ ታክስ ነፃ ታደርጋለች። ኦሪገን የሽያጭ ታክስ የሚባል ነገር ጨርሶ የላትም፤ የግለሰቦችን ዝውውር ግን ከ2015 ጀምሮ በነጋዴ በኩል አድርጋለች።

በ1934 ለመትረየስና ለድምፅ ማፈኛ ዝውውር የተጣለው 200 ዶላር የፌዴራል ታክስ ዘጠና ዓመት ሙሉ ሳይጨምር ቆየ። ሲወጣ ሰውን ሊያስመርር ታስቦ ነበር፤ የዋጋ ንረቱ ቀስ በቀስ ጥርሱን አረገፈው። ከጥር 2026 ጀምሮ ለድምፅ ማፈኛ ዜሮ ሆኗል፤ ለመትረየስ እንዳለ ነው።

የመጨረሻዋ ለታሪክ ወዳዶች። እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ በፌዴራሉ የመሣሪያ ሕግ ዘንድ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም። አድዋ ላይ የጮኹት ዓይነት ውጅግራዎች ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸውና፣ የፌዴራሉ ሕግ አሜሪካ ውስጥ ነጋዴም ማጣሪያም አይጠይቅባቸውም። ከጥንታዊ ዕቃ ሱቅ ከገዙት ግን የሽያጭ ታክሱ ይኖራል፤ ሻጩ ነጋዴ ነዋ።