አምፕሊፋየሩ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት ሦስቱን ሽቦዎች ለኩ

የመኪና አምፕሊፋየር ባስ በመታ ቁጥር ሲጠፋ ወይም ጭራሽ አልበራ ሲል ብዙ ሰው ወዲያው አዲስ ለመግዛት ያስባል። እኔ ካየኋቸው ግን አብዛኞቹ ችግራቸው ዕቃው ላይ ሳይሆን ኤሌክትሪክ በሚያደርሱለት ሽቦዎች ላይ ነበር። በሰዓት ለሚያስከፍል ጋራዥ ከመስጠታችሁ በፊት በአንድ ርካሽ ቴስተር ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ።

አምፕሊፋየሩ ለመነሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ፖዘቲቭ፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰር ማሳ፣ እና ቴፑ ሲበራ እንዲነሳ የምታዘው ቀጭኗ የሪሞት ሽቦ።

1. ከባትሪው ጀምሩ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉት። ሞተር ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ሲነሳ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.4 ይደርሳል። ካልጨመረ አምፕሊፋየሩን ተዉትና አልተርኔተሩን አስመርምሩ።

2. ወደ አምፕሊፋየሩ ሂዱ። ጥቁሩን ጫፍ ማሳው ላይ፣ ቀዩን ፖዘቲቩ ላይ አድርጉ። ቁጥሩ ባትሪው ላይ ካያችሁት ጋር መቀራረብ አለበት። ዜሮ ከሆነ ጥቁሩን ቀለም ወደሌለው የመኪናው ብረት አዙሩት፤ ቮልቱ ከመጣ የተቋረጠው ማሳው ነው። ካልመጣ ባትሪው አጠገብ ያለውን ፊውዝ በሁለቱም ጎኑ ለኩ፤ በዓይን ደህና የሚመስል ፊውዝ ያታልላል። ቀጥሎ ቴፑን ከፍታችሁ ሪሞቷን ለኩ። 12 ቮልት አካባቢ ከሌላት ችግሩ ከቴፑ በኩል ነው።

3. ሙዚቃ ከፍታችሁ ለኩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ላልቶ የታሰረ ወይም የዛገ ሽቦ ጭነት ሳይኖር 12 ቮልት ያሳያል፤ ጉዱ የሚወጣው አምፕሊፋየሩ ብዙ አምፒር ሲስብ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 0.05 ኦም ብቻ የሚያግድ ግንኙነት 60 አምፒር ሲያልፍበት 3 ቮልት ይበላል። 12.6 የነበረው 9.6 ሆኖ ሲደርስ ብዙ አምፕሊፋየር ራሱን ያጠፋል።

ስለዚህ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። የቴስተሩ ገመድ ካልደረሰ በማንኛውም ቀጭን ሽቦ ቀጥሉት። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ሽቦው ቀጥኗል ወይም አንድ ቦታ ላልቷል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሽቦ ከሙሉ መዳብ ይበልጥ ስለሚያግድ ወፍራም መስሎ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ማሳውንም ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር እንዲሁ ለኩ።

አንድ ጓደኛዬ አንድ ሱቅ “ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ” ብሎት ነበር። ስንለካው ፖዘቲቩ ምንም አልነበረበትም፤ ማሳው ግን የታሰረው ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነበር። ቡሎኑን ፈታን፣ ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅን፣ መልሰን አጠበቅነው። ያው አምፕሊፋየር እስከ ዛሬ ይሠራል።

4. የመከላከያው ቀይ መብራት ከበራ አጥፍታችሁ የስፒከር ሽቦዎቹን በሙሉ ንቀሉና እንደገና አብሩ። መብራቱ ከጠፋ አንዱ ስፒከር ወይም ሽቦው ሾርት አድርጓል። አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ፈልጉት።

ጥንቃቄ፦ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ይሁን፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሽቦ ተልጦ ብረት ቢነካ እሳት የሚከለክለው እሱ ብቻ ነው። ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ተለቅ ያለ አትተኩ፣ ምክንያቱን ፈልጉ። ሞተር አስነስታችሁ ስትለኩም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሁን፤ ጭሱ ይገድላል።

ሦስቱም ሽቦዎች በጭነት ጊዜ ደህና ሆነው፣ ስፒከሮቹም ተነቅለው አምፕሊፋየሩ አሁንም ካልተነሳ፣ ያኔ ብልሽቱ ውስጡ ነው። ለማሠራትም ሆነ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።