ከመሳፈር በፊት ስላለው ምግባር

በአዲስ አበባ ሰማያዊዋን ላዳ ኮንትራት ለመያዝ የሚሻ ሰው፣ በመስኮቷ ጎንበስ ብሎ ስለ ዋጋ መከራከር ግዴታው በነበረበት ዘመን፣ ተሳፋሪና ሾፌር ስለ ጥቂት ብር ቢነታረኩም እንኳ፣ ፊት ለፊት ተያይተው መድረሻውንና ሒሳቡን ቈርጠው ይነሡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው የሀይብሪድ ዲዛይንስ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ «ራይድ» የተባለውን የስልክ ታክሲ መጥሪያ ያሰቡት፣ አምሽተው ከሥራ ሲወጡ ታክሲ የመያዝ ሥጋትና የዋጋው ክርክር ስላስመረራቸው ነበር፤ እነሆም ሒሳቡ በኪሎ ሜትርና በጊዜ እየተሰላ በስልክ ላይ ስለሚታይ፣ የመስኮቱ ክርክር በብዙው ቀረ።

ነገር ግን ክርክሩ ወደ ስልኩ ተዛወረ። ጥሪው የደረሰው ሾፌር ደውሎ «ወዴት ነው የሚሄዱት?» ይላል፤ መልሱን ያልወደደው እንደ ሆነ «እባክዎ ይሰርዙልኝ» ብሎ ይማጠናል፣ አለዚያም ዝም ብሎ ያስጠብቃል። ምክንያት የለውም ማለት ግን ፍትሕ አይደለም፤ ተሳፋሪው ወዳለበት ባዶውን የሚነዳው መንገድ የማይከፈልበት፣ ነዳጁም ለጥሪ ድርጅቱ የሚሰጠው ኮሚሽንም ከእርሱ ገቢ የሚወጣ ነውና፣ ሲመሽ በመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ አልፎ ከከተማው ዳር ባዶውን መመለስ ኪሳራ ይሆንበታል። እኔ የምነቅፈው እምቢታውን ሳይሆን፣ የራሱን እምቢታ ተሳፋሪው በገዛ እጁ እንዲፈጽምለት ማድረጉን ነው፤ የአንዱን ሥራ በሌላው ስም ማስመዝገብ ከሐሰት ምስክርነት አይለይምና።

ተሳፋሪውም ከነቀፋ አይድንም። ጫማውን ሳያስር ጠርቶ፣ ሾፌሩ ደርሶ ሲደውልለት «እየወጣሁ ነው» የሚል ስንት ነው! ከተማችን በመንገድ ስምና በቤት ቍጥር ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን፣ በሕንፃና በአደባባይ የምትታወቅ እንደ መሆኗ፣ «ከመድኃኔ ዓለም ጀርባ ነኝ» ብሎ ስልኩን መዝጋት ሾፌሩን በቦሌ ዙሪያ ማንከራተት ነው፤ የቆመበትን የሱቅ ስምና የበሩን ቀለም የሚናገር ሰው ግን የሌላውን ነዳጅና ጊዜ እንደ ራሱ አክብሯል። በሩን በኃይል ወርውሮ የሚዘጋ፣ አምስተኛ ሰው ካልጨመርኩ የሚልም አይታጣም።

የዝርዝር ገንዘብ ጠብ፣ በስልክ ገንዘብ የሚከፈልበት ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ፣ ቀለል ብሏል። የሌሊቱ ጉዞ ግን ከሁሉ የከበደ ዐደራ ነው፤ ብቻዋን የተሳፈረች ሴት የሾፌሩን ስምና ታርጋ አውቃ ብትገባም፣ ሰላሟን የሚጠብቅላት የእርሱ ጨዋነት ነው፤ ይኸውም ስለ ግል ኑሮዋ አለመጠየቁ፣ ከጉዞው በኋላም በቍጥሯ አለመደወሉ። የታክሲ ጥሪ ድርጅቶቹ ይህን በሾፌሩ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ሊተዉት አይገባም፤ ጉዞው ሲፈጸም ቍጥሯ ከሾፌሩ የሚሰወርበትን፣ ጥሪ ሲሰረዝም በማን ጥያቄ እንደ ተሰረዘ ከሁለቱም ወገን ተጠይቆ የሚመዘገብበትን ሥርዓት ሊያበጁ ይገባል።