ኖርማል ነው ስፔሻል?

ልደታ፣ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አካባቢ ጠዋት ቁርስ ቤት ገብቶ ፉል ያዘዘ ሰው መልሶ ይጠየቃል፤ «ኖርማል ነው ስፔሻል?» ስፔሻሉ እንቁላል ወይም አቮካዶ ወይም እርጎ ይጨመርበታል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ኖርማሉ ግን ስፔሻል ሳይመጣ በፊት «ፉል» ብቻ ይባል የነበረው ነው። ምግቡ አልተለወጠም፤ ቅጽል ያስፈለገው አጠገቡ ሌላ ስለቆመ ነው። ስልክም እንዲሁ ሆኗል። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ስልክ ስልክ ነበር፤ የቤቱን ስልክ «መደበኛ» ብለን መለየት የግድ የሆነብን ከዚያ ወዲህ ነው።

አስተናጋጇ ግን ለምን «ተራ ነው ልዩ?» አትልም? ብዙ ሰው አማርኛው ስለጠፋን ይመስለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ቃላት አሉ፤ ችግሩ ብዙ የሚሸከሙ መሆናቸው ነው።

«ተራ» በመሠረቱ ሰልፍ ነው፤ ተራ መጠበቅ፣ ተረኛ መሆን፣ መርካቶ ውስጥ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። በዚህ ፍቺው ክፉ ነገር የለበትም። ሰው ላይ ሲወድቅ ግን ይቆረቁራል። «ተራ ሰው»፣ «ተራ ወሬ» ስንል መናቃችን ነው። ስለዚህ ደንበኛን «ተራውን ላምጣልዎ?» ማለት ያስቀይማል፤ «ኖርማሉን» ሲባል ግን ርካሹን ያዘዘ ሰው አያፍርም። ቃሉ የተወደደው ለዚህ ይመስለኛል።

«ልዩ» ደግሞ ከ«ለየ» የወጣ ነው፤ መለየት ሁልጊዜ ከፍ ማድረግ አይደለም። የሞተ ሰው «በሞት ተለየ»፤ ያበደ ሰው «ለየለት» ይባላል። መንግሥትም ከተለመደው መንገድ ሲወጣ የሚጠራው ይህንኑ ቃል ነው፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቋቋመ፣ የደርግን ባለሥልጣናት ለመክሰስ በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመውም ልዩ ዐቃቤ ሕግ ነበር። ከቁርስ ቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቀው በሚነበቡት የክስ ወረቀቶች ላይ ደግሞ ቃሉ ሌላ መልክ አለው፤ ክፍለ ከተማውና ወረዳው ከተጻፈ በኋላ «ልዩ ቦታው እንዲህ ተብሎ በሚጠራው አካባቢ» ይከተላል። እዚያ ልዩ ማለት ያማረ ወይም የበለጠ አይደለም፤ ከሌላው ቦታ ተለይቶ የሚታወቅ፣ ይኸው እሱ ራሱ ማለት ነው። ይህ አጠቃቀም በጣም ደስ ይለኛል፤ አንድ ተራ የመንደር ጥግ ስሙ ተጠርቶ ልዩ ይሆናልና። ስፔሻል ይህን አይችልም፤ የሚናገረው ጭማሪና ዋጋ ብቻ ነው።

እስካሁን ያለው የምግብ ዝርዝር ጉዳይ ነውና አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ «ኖርማል ነው» ብሎ ማለፍ ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ ኖርማ ማለት የአናጢ ማዕዘን መለኪያ፣ የእኛ ግንበኞች ስኳድራ የሚሉት። ስለዚህ ከመነሻው «ቀጥ ያለ፣ ልክ የሆነ» የሚል ሐሳብ አለበት። «ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም» የሚለው በኋላ ተደረበበት፤ አሁን ሁለቱ በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ይኖራሉ። አማርኛ ግን ለያይቷቸዋል። አዘውትሮ የሚሆነው «የተለመደ» ነው፤ ልክ የሆነው «ደህና» ወይም «ጤናማ» ነው። «መደበኛ» እንኳ ከ«መደበ» የመጣ፣ በተመደበለት ቦታ ያለ ማለት ነው፤ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይልም። ውሃ ሦስት ቀን ሲጠፋ «የተለመደ ነው» ያለ ሰው ቅሬታውን አልተወም። «ኖርማል ነው» ሲል ግን ሳያስበው ልክ ነው ብሎ ፈርዷል።

ሐኪም ቤት ይህ ልዩነት ክብደት አለው። «ኖርማል ነው አሉኝ» ማለት ዛሬ የጤና ምስክርነት ሆኗል። የደም ግፊት 120 በ80 ከሆነ በሁለቱም ፍቺ ኖርማል ነው። ከ140 በ90 በላይ ግን በብዙ ሽማግሌዎች ላይ ስለሚታይ የተለመደ ሊሆን ይችላል፤ ልብንና ኩላሊትን መጉዳቱ ግን አይቀርም።

እናቴን ለምርመራ ወስጃት ዶክተሯ ለክታ «150 በ95 ነው እማማ፤ በእርስዎ ዕድሜ ኖርማል ነው፣ ግን…» ስትል እናቴ ዐረፍተ ነገሩን አላስጨረሰቻትም።

«ኖርማል ስትይ ልጄ፣ ደህና ነኝ ነው ወይስ እንደኔ ያለ ብዙ ነው?»

ዶክተሯ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠግታ በአማርኛ ብቻ እንደገና ጀመረች። «እንደ እርስዎ ያለ ብዙ ነው። ደህና ግን አይደሉም። ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒት ይወስዳሉ።»