የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ለሐኪሙ ያልተናገረው

ስኳር ያለባቸው ብዙ ምእመናን ሁዳዴ ሲገባ መጾማቸውን ለሐኪማቸው አይነግሩም። ይቆጣኛል ብለው ይፈራሉ። ሐኪሙም በር ላይ የቆመው ወረፋ ስለሚያስጨንቀው ሳይጠይቅ ያልፋል። የዚህ ዝምታ ጉዳት የሚገባን መድኃኒቱ የሚሠራበትን ሰዓት ስናይ ነው።

በመንግሥት ሆስፒታሎች በብዛት የሚታዘዘው ኤንፒኤች የተባለው ደፍረስ ያለ ኢንሱሊን ጉልበቱ የሚያይለው ከተወጉት ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተወጋ ሰው ስኳሩ ይበልጥ የሚወርደው ከረፋዱ 5 እስከ 11 ሰዓት ነው ማለት ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ የዚህን ጊዜ አብዛኛውን እህል ሳይቀምስ ያሳልፋል። ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ካልተደረሰለት ራሱን ይስታል። አንዴ እንዲህ የሆነ ሰው በማግስቱ መርፌውን ይተወዋል። በቀጠሮው ቀን ስኳሩ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ አንሶት ነው ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ታማሚው «እሺ ዶክተር» ብሎ ይወጣል። መርፌውን እንደገና በወጉ የጀመረ ዕለት የተጨመረው መጠን ይጥለዋል።

ይህን ሰው «ትእዛዝ አያከብርም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። «ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ሐኪሙ የመርፌውን ሰዓትና መጠን ያስተካክልለት ነበር፤ መጾሙ አደገኛ ከሆነም ምክንያቱን ያስረዳው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቃልላለች፤ የሐኪሙ ምክር ለንስሐ አባቱ ቢደርስ ነገሩ ይቀላል። ረመዳን የሚጾም ታማሚም እንዲሁ ሊጠየቅ ይገባል። እምነትና ሕክምና ሊታረቁ እንደሚችሉም ታይቷል፤ ከአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ የጸበልና የመድኃኒትን ክርክር ያውቀዋል፦ በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ትተው የሚጠመቁ ሰዎች በነበሩበት ጊዜ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል።

ከጾሙ ሌላ የታማሚው ሥራም መጠየቅ አለበት። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ናቸው። ሸማኔው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰድዳል፤ ድሩን የሚያነሣውንና የሚያወርደውን መርገጫ በባዶ እግሩ ሲረግጥ ይውላል። ስኳር ደግሞ ከጊዜ ብዛት የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። የደነዘዘ እግር ቢላጥ ባለቤቱ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁስሉ ሲመረቅዝ ነው። ለዚህ ሰው «ጫማ ያድርጉ» ብሎ መሸኘት ሥራውን አለማወቅ ነው። «አባባ፣ ሲሠሩ እግርዎን የት ነው የሚያሳርፉት?» ብላ የጠየቀች ነርስ ግን መርገጫውን በጨርቅ እንዲጠቀልል፣ ማታ ማታ ውስጥ እግሩን በብርሃን እንዲያይ፣ ዓይኑ ከደከመ ልጁ እንዲያይለት ትመክረዋለች።

ቋንቋም አለ። በዕድሜ የገፋ የጋሞ ሰው ሸማውን በአማርኛ ተደራድሮ ይሸጥ ይሆናል፤ ስለ መርፌ አወሳሰድ በጥድፊያ የተነገረውን ግን ላይከተል ይችላል። የሚያስተረጉምለት የልጅ ልጁ ደግሞ ረጅሙን ማብራሪያ «ጣፋጭ አትብላ ነው የሚሉህ» ብሎ ያሳጥረዋል። «ገባዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ አልገባኝም ማለት ሐኪሙን ማሳፈር ስለሚመስለው አዎን ይላል። ስለዚህ ሲሪንጁን አስይዞ «ቤት ሲደርሱ እንደሚወጉት አድርገው ያሳዩኝ» ማለት ይሻላል፤ ስህተቱ እዚያው ይታያል፣ እዚያው ይታረማል።

እንደ ቅዱስ ጳውሎስ ባለ የማስተማሪያ ሆስፒታል ታማሚው በየቀጠሮው ሌላ ሐኪም ሊያገኘው ይችላል። የክትትል ካርዱ ከስኳሩ ቁጥር ጎን ጾሙን፣ ሥራውንና የሚሰማውን ቋንቋ የሚጽፉበት ቦታ ቢኖረው፣ ተረኛው ሐኪም ስለ ሰውየው እንደ አዲስ አይጀምርም ነበር።