ቤንዚንን በጋዝ መተካት ያዋጣል? ከዉድበሪ ብርድ እስከ አዲስ አበባ ዳገት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ማለዳ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። ከሴንት ፖል በስተምሥራቅ እንደምትገኘው ዉድበሪ ባሉ ከተሞች በእንዲህ ያለ ማለዳ መኪና ማስነሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ባትሪ ይደክማል፤ የሞተር ዘይት እንደ ማር ይወፍራል። በየጓሮው ለሥጋ መጥበሻ በሚቀመጠው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፕሮፔን ግን በዚያ ብርድም እንኳ መትነን ይችላል። ምክንያቱም ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ነው። በማለዳው ብርድና በጋዙ የመፍላት ነጥብ መካከል ገና የ9 ዲግሪ ልዩነት ነበር።

ቤንዚን በተወደደ ቁጥር በመንዳት በሚተዳደሩ ወገኖቻችን መካከል የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ምድጃችንን የሚያነድደው ጋዝ መኪናችንንስ አይነዳም ወይ? አጭሩ መልስ «ይነዳል» የሚል ነው። በዓለም ላይ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎች በዚህ ነዳጅ ይንቀሳቀሳሉ። ቱርክ ውስጥ ብቻ ቁጥራቸው አምስት ሚሊዮን ገደማ ነው፤ በደቡብ ኮሪያም ታክሲዎች ለአሥርተ ዓመታት የተነዱት በአመዛኙ በጋዝ ነው። ይሁን እንጂ «ይነዳል ወይ?» እና «ያዋጣል ወይ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለተኛው ጥያቄ በዉድበሪ አንድ መልስ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ መልስ አለው።

ከቤንዚን የሸሸው ትነት

ታሪኩ የሚጀምረው ከመኪናና ከአንድ ቅሬታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 በአሜሪካዋ ፒትስበርግ አንድ የመኪና ባለቤት የገዛው ቤንዚን ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ግማሹ እንደሚጠፋ አቤቱታ አቀረበ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተጠየቀው የመንግሥት ኬሚስት ዋልተር ስኔሊንግ ነበር። ስኔሊንግ የሚተነውን ክፍል ለይቶ ሲመለከት ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉትን ጋዞች አገኘ። እነዚህ ጋዞች በመጠነኛ ግፊት ወደ ፈሳሽነት ይለወጣሉ፤ ግፊቱ ሲቀንስ ተመልሰው ጋዝ ይሆናሉ። ብዙ ኃይል በትንሽ ዕቃ ለመያዝ የሚያስችለው ይህ ባሕርይ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ፕሮፔንን ፈሳሽ አድርጎ ለማቆየት የባሕር ጠረፍ አየር ግፊትን ስምንት እጥፍ ያህል ግፊት ይበቃል።

በአገራችን «ቡታ ጋዝ» እያልን የምንጠራው ይኸው የሁለቱ ጋዞች ቅልቅል ነው። በአሜሪካ ለተሽከርካሪ የሚሸጠው ግን ቢያንስ 90 በመቶው ፕሮፔን እንዲሆን ይጠበቃል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። ቡቴን የሚፈላው ከዜሮ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ዝቅ ብሎ ስለሆነ፣ በሚኒሶታ ክረምት በሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ አይተንም። ለአዲስ አበባ የሚመች ቅልቅል ለዉድበሪ ጃንዋሪ አይሆንም።

መኪናው እንዴት ይለወጣል?

በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ጋዝ እንዲያቃጥል ለማድረግ ሞተሩን ማውረድ አያስፈልግም። ካንዴላውና ፒስተኑ ባሉበት ይቀራሉ፤ የቤንዚኑም መስመር አይነሣም። መኪናው ሁለት ነዳጅ ያለው ይሆናል። በላዩ የሚጨመሩት ዋና ዋና ክፍሎች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የጋዝ ቋቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ክብ ቅርጽ ኖሮት በስኮርታ ጎማው ቦታ ይቀመጣል። ሁለተኛው ግፊት ቀናሹ ነው። ከቋቱ በፈሳሽነት የመጣው ጋዝ እዚህ ላይ ይተንናል። ፈሳሽ ሲተን ሙቀት ይስባል፤ አልኮል እጃችን ላይ ሲፈስ የምንሰማው ቅዝቃዜ ከዚሁ የመጣ ነው። ስለዚህ ግፊት ቀናሹ እንዳይበርድ የሞተሩ የማቀዝቀዣ ውሃ በውስጡ እንዲዞር ይደረጋል። ሦስተኛው ጋዙን ለየሲሊንደሩ በተራ የሚረጩት መርጫዎች ናቸው። አራተኛው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር እየተነጋገረ የጋዙን መጠን የሚወስነው መቆጣጠሪያ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ሁልጊዜ የሚነሣው በቤንዚን ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሲሞቅ መቆጣጠሪያው ወደ ጋዝ ያሻግረዋል። በአዲስ አበባ ይህ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። በሚኒሶታ ክረምት ግን ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ መኪና የጉዞውን ብዙ ክፍል በቤንዚን ሊጨርሰው ይችላል። ማለትም ቁጠባ ይገኝበታል የተባለው ጋዝ በቋቱ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል።

ጋዙን ሳያተንኑ በፈሳሽነቱ ወደ ሞተር የሚረጩ ዘመናዊ ሥርዓቶች ይህን ችግር ያልፉታል። በአሜሪካ ከ20 ሺህ በላይ የተማሪ አውቶቡሶች በፕሮፔን የሚንቀሳቀሱ ሲሆን፣ በብርዳማ ግዛቶች ከሚወደዱባቸው ምክንያቶች አንዱ በማለዳ ያለ ብዙ ችግር መነሣታቸው ነው። ፕሮፔን ግን ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 በሰሜን ሚኒሶታ ታወር በተባለች ከተማ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ ብርድ ፕሮፔንም ከሲሊንደሩ በራሱ ኃይል አይወጣም።

ሒሳቡ በዉድበሪ

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። አንድ ጋሎን ፕሮፔን የአንድ ጋሎን ቤንዚንን 73 በመቶ ያህል ኃይል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የሁለቱን ዋጋ በጋሎን ማወዳደር ያሳስታል። ትክክለኛው መንገድ የቤንዚኑን ዋጋ በ0.73 ማባዛት ነው። ቤንዚን 3 ዶላር ከሆነ ፕሮፔኑ ከ2 ዶላር ከ19 ሳንቲም በታች ካልተሸጠ በስተቀር ትርፍ የለም።

ለምሳሌ ያህል በዓመት 15,000 ማይል የሚሄድና በጋሎን 25 ማይል የሚነዳ መኪና እንውሰድ። ዓመታዊ ፍጆታው 600 ጋሎን ቤንዚን ነው፤ በ3 ዶላር ሒሳብ 1,800 ዶላር ይሆናል። ያንኑ መንገድ በፕሮፔን ለመሄድ 822 ጋሎን ያስፈልጋል። ፕሮፔኑ 1 ዶላር ከ80 ቢገኝ ወጪው 1,480 ዶላር ገደማ ነው፤ ቁጠባው በዓመት 320 ዶላር ይሆናል። መለወጫው ተገጣጥሞ 6,000 ዶላር ቢያስወጣ ገንዘቡ የሚመለሰው ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ፕሮፔኑ 2 ዶላር ከ50 ከሆነ ደግሞ ባለመኪናው በየዓመቱ 255 ዶላር ይከስራል።

በአንጻሩ ያው አሽከርካሪ በጋሎን 50 ማይል ወደሚሄድ ሃይብሪድ መኪና ቢሸጋገር፣ ምንም ሳይለውጥና ማደያ ሳይፈልግ በዓመት 900 ዶላር ይቆጥባል። የተማሪ አውቶቡስ ድርጅቶች በፕሮፔን የሚያተርፉት ሁኔታቸው ስለሚለይ ነው። በብዛትና በውል ይገዛሉ፤ በግቢያቸው የራሳቸው ማደያ አላቸው፤ መኪኖቻቸውም በየቀኑ ወደ አንድ ቦታ ይመለሳሉ። ለአንድ ግለሰብ ግን ፕሮፔን የሚሸጥባቸው ቦታዎች ከቤንዚን ማደያ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹም የምድጃና የመጥበሻ ሲሊንደር የሚሞሉ ናቸው። ለቤት ማሞቂያ የሚሸጠው ጋዝ ርካሽ ቢሆን እንኳ የመንገድ ግብር ያልተከፈለበት ስለሆነ ወደ መኪና ማዛወር ሕገወጥ ነው።

የዋጋው መዋዠቅም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጸው በሚኒሶታና በአካባቢው ግዛቶች የበቆሎው ምርት እርጥብ ሆኖ በመሰብሰቡ ገበሬዎች እህሉን ለማድረቅ ብዙ ፕሮፔን አቃጠሉ። ወዲያው ከባድ ክረምት ተከተለ። በዚያው ወቅት ለግዛቲቱ 40 በመቶ ያህሉን ፕሮፔን ከካናዳ ያመጣ የነበረው ኮቺን የተባለው የቧንቧ መስመር ለጥገና ቆሞ ነበር። ዋጋው በጋሎን ከ4 ዶላር በላይ ወጣ፤ ገዥው ማርክ ዴይተን በጃንዋሪ 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። በዚያው ዓመት የመስመሩ አቅጣጫ ተገልብጦ ፕሮፔን ማምጣቱን አቆመ። ከ200 ሺህ በላይ የሚኒሶታ ቤቶች በዚህ ጋዝ የሚሞቁ በመሆናቸው፣ ብርድ ሲበረታ መኪናው ነዳጁን የሚሻማው ከቤት ማሞቂያ ጋር ነው።

ሕግና ጥንቃቄ

በአሜሪካ የመኪናን የነዳጅ ሥርዓት መለወጥ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያን መነካካት ይከለክላል፤ መለወጫው ለዚያ የሞተር ዓይነት የተፈተነና ጭሱን የማያባብስ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሥርዓቱ በትክክል ከተገጠመ ጋዙ ለአየር ጥቅም አለው፤ ለእኩል ኃይል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቤንዚን በ12 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የደኅንነቱ ነገር ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል። ካፈሰሰ ሽቅብ አይበተንም፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይፈስሳል። በዉድበሪ መኪና ማቆሚያው ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ የውሃ ማሞቂያው እሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከምድር ቤት አይርቅም። ሽታ የሌለው ጋዝ የገለማ ነገር እንዲሸት የሚደረገው ለዚህ ነው።

የመኪና ጋዝ ቋት ከምድጃ ሲሊንደር የሚለየው በቅርጹ ብቻ አይደለም። 80 በመቶ ሲደርስ መሙላቱን በራሱ ያቆማል፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ያስፈልገዋልና። ቧንቧ ቢበጠስ ፍሰቱን ይዘጋል፤ በእሳት ቢከበብ ጋዙን በልክ ያስተነፍሳል። ይህ የመጨረሻው ክፍል የሌለው ቋት የሚያስከትለው አደጋ እ.ኤ.አ. በ1999 በፈረንሳይዋ ቬኒስዩ ታይቷል። በእሳት የተያያዘች መኪና ቋት ፈንድቶ ስድስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክፉኛ ተጎድተዋል። በኦክቶበር 2024 ደግሞ በናይጄሪያዋ ቤኒን ከተማ በተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ የምትሄድ መኪና ስትሞላ ፈነዳች፤ ቋቷ ለዚያ አገልግሎት ያልተሠራና በብየዳ የተቀጠለ ሆኖ ተገኝቷል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ

በኢትዮጵያ የነዳጅ ዋጋ ከኑሮ አልፎ ታሪክን ያናወጠ ጉዳይ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ያቆሙት ሥራ ለአብዮቱ መንገድ ከጠረጉት ክስተቶች አንዱ ሲሆን፣ መነሻውም የቤንዚን ዋጋ መጨመሩ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ተነሥቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና በርካሽ ነዳጅ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ምኞት ቢሆን አይደንቅም፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድም «መለወጫ ልላክልህ?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

የአዲስ አበባ አየር ለጋዙ ይስማማል፤ ቡቴን እንኳ ያለ ችግር ይተናል። ከፍታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ2,300 ሜትር ገደማ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ተንኖ የሚገባው ጋዝ በበኩሉ 4 በመቶ ያህል የአየር ቦታ ይሻማል። ወደ እንጦጦ ለሚወጣ አነስተኛ ሞተር ይህ የሚሰማ ነገር ነው። የቫልቭ መቀመጫቸው ለስላሳ የሆነ ሞተሮች በጋዝ ሲነዱ ቶሎ እንደሚበሉም መካኒኮች ያውቃሉ።

ዋናው ጥያቄ ግን ጋዙ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። 12 ኪሎ ግራም ጋዝ 23 ሊትር ገደማ ነው። በአንድ ሊትር ቤንዚን 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በዚህ ጋዝ የምትጓዘው ከ170 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ለታክሲ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው። ያው ሲሊንደር የአንድን ቤተሰብ ምግብ ለሳምንታት ያበስላል። ጋዙ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ እስከሆነ ድረስ መኪና ላይ የነደደው ከምድጃ ላይ የተወሰደ ነው፤ ምድጃው ባዶ ሲሆን ደግሞ እናቶች ወደ ከሰል ይመለሳሉ።

በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ መስከረም 2018 ዓ.ም. ወደ ምርት መግባቱ ተስፋ ሰጥቷል። ሆኖም ስሞቹ እንዳያሳስቱን ያስፈልጋል። ከካሉብ የሚወጣው በአመዛኙ ሚቴን ነው፤ ፈሳሽ የሚሆነውም ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። ልዩ ቋት ለተገጠመላቸው ከባድ መኪኖችና ለኃይል ማመንጫ ይመቻል። ለቡታ ጋዝ የተሠራ ቋትና መለወጫ ግን ሊሸከመው አይችልም።

እንግዲህ በዉድበሪ ያለ አሽከርካሪ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በቅርቡ ያለውን የፕሮፔን ዋጋ ጠይቆ፣ የቤንዚኑን በ0.73 አባዝቶ ያወዳድር። ለብዙዎች ሒሳቡ «ይቅር» ይላል። በአዲስ አበባ ላለ ወንድምዎ ወይም እህትዎ መለወጫ ለመላክ የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ሁለት ነገር ይጠይቁ። ቋቱን ፈትሾ የሚያረጋግጥ ባለሙያ በአካባቢው አለ? ጋዙስ ያለማቋረጥ ይገኛል? የሁለቱም መልስ «አዎ» ካልሆነ፣ ገንዘቡን ለሞተሩ እድሳትና ለጥሩ ጎማ መላኩ ይሻላል። የምድጃ ሲሊንደር በመኪና ኋላ አስሮ መንዳት ግን በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዋጋ አያዋጣም።