ያውቁ ኖሯል? ከሻላ ሐይቅ እስከ ሐረና ጫካ

ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ አድርገው ወደ ባሌ ለመንዳት አስበዋል? ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት እነዚህን ይወቁ።

● ሻላ ሐይቅ እስከ 266 ሜትር ይጠልቃል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚስተካከለው ሐይቅ የለም። ጎረቤቱ አቢጃታ ግን ጥልቀት የለውም፤ ዳርቻውም ከዓመት ዓመት እየሸሸ ነው።

● ከሻሸመኔ ብዙ ሳይርቁ የሰንቀሌ ቆርኬ መጠለያን ያገኛሉ። በመጠለያው ያለው የቆርኬ ዝርያ ቀድሞ በሶማሊያም ይኖር ነበር፤ ዛሬ የቀረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

● የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዲንሾ ነው። በዙሪያው የሚሰማራው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። አሥር ሳንቲም ካለዎት አገላብጠው ይዩት፤ እዚያ ላይ አለ።

● ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያልፋል። በኦሮምኛ “ቀይ ኮረብታ” ማለት የሆነው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጋቢም ካፖርትም ይያዙ።

● በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት በባሌ ነው። በመንጋ ይኖራሉ፤ ፍልፈል የሚያድኑት ግን ለየብቻ፣ በቀን ብርሃን ነው። ስለዚህ ሳነቴን በጠዋት ይድረሱበት።

● የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ጥይት ሳይሆን ከቤት ውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻዎን ይዘው አይሂዱ፤ ትርፍራፊ ምግብም በመንገድ ዳር አይጣሉ።

● በአምባው ላይ እንደ ምሰሶ ተገትሮ የሚያዩት ጅብራ በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይደርቃል።

● ከሳነቴ ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ ከኋላ ቀርቶ ሐረና ጫካ ይቀበልዎታል። አንበሳ የሚኖርበት፣ ቡና ማንም ሳይተክለው የሚበቅልበት ደን ነው። የቀርከሃ ቅጠል ዋና ምግቡ የሆነው የባሌ ጦጣም የዚህ አካባቢ ልጅ ነው።

● ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለጉዞው የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። ነዳጅዎን በከተማ ይሙሉ፤ ሳይመሽ ማረፊያዎ ይግቡ። ከሁሉም በላይ በፓርኩ ውስጥ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። መንገዱን ሊያቋርጥ የሚችለው ከ500 ከማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች አንዱ ነውና።